ለፎቶ ያሳደግኩት ሰርዶ

የእህቴ የቤቲ ሰርግ ዋዜማ... አበባ ታቅፌ ወደ ግቢያችን ስገባ እግሬ በሩ ላይ ተተክሎ ቀረ። ሳሩ የለም! ጠዋት ለምለም የነበረው ሳሬ ታጭዶ፣ ግቢው ትናንት የተላጨ ጭንቅላት መስሏል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። ቤታችን እሪ በከንቱ ነው። የእማዬ ጉልበት እምቢ ካለ ቆይቷል፣ ከቤት አትወጣም። ቤቲ ደግሞ «እማዬ የሌለችበት የሰርግ ፎቶ አልፈልግም» ብላ ድርቅ አለች። ስለዚህ መናፈሻው ቀረና ፎቶው ግቢያችን ውስጥ ይሁን ተባለ። እማዬን ከነወንበሯ ተሸክመን ደረጃውን ልናወርዳት አሰብን።

«እኔ በሸክም የምወጣው የሞትኩ ቀን ነው!» አለች እማዬ። እስከ ሰርጉ እናግባባታለን ብለን ተውናት። ሳሩ የእኔ ኃላፊነት ሆነ።

ሰርጉ ደግሞ በጥር ነው። በጥር ሳር! ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ሐሩር፣ ውሃው በፈረቃ። አምና ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች የገዛሁት ምንጣፍ የመሰለ ሳር ህዳር ሳይጋመስ ገለባ ሆኖብኛል። ዘንድሮ ነቃሁ። በጋውን ሙሉ ማንም ሳያጠጣው በድንጋይ መሃል አረንጓዴ ሆኖ የሚከርመው ማን ነው? ሰርዶ! ክረምት ላይ ስድስት ኪሎ ካለ ጓደኛዬ ግቢ ነቅዬ አምጥቼ ተከልኩት።

«ሰው አረም ይነቅላል፣ አንተ ትተክላለህ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ይሳቅ። በየቀኑ እፍኝ ውሃ ከመርጨት ይልቅ ውሃ በመጣ ቀን ስሩ ድረስ አጠጣው ነበር። ብርዱ ሲገባ ማጨዱን ተውኩት፤ ረዘም ያለ ሳር ውርጭ ይችላላ። ጥር ሲደርስ የሰፈሩ ሳር ሁሉ ገርጥቶ የእኔ ብቻ ነሐሴ ላይ ያለ ይመስል ነበር። በኩራት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም።

እና ያን ቀን ከቤት ውስጥ እልልታ እየሰማሁ ቆሜ ስቀር፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ማጭድ እንደያዙ ብቅ አሉ።

«እትዬ... ሳሩስ?»

«ጎዘጎዝነዋ! የሰርግ ቤት ወለሉ ባዶ ይሁን እንዴ? ገበያ ያለው ቄጠማ ድርቅ ያለ ነው። ለካ አንተ ቀድመህ አስበህበታል፣ ተባረክ!»

«እኔ እኮ... ሙሽሮቹ ፎቶ እንዲነሱበት ነበር ያሳደግኩት።»

«ሳር ለፎቶ?»

እኔን አዩኝ። ግቢውን አዩ። ከዚያ ማጭዱን ቀስ ብለው ከጀርባቸው ደበቁት... ቤቲ ስትሰማ አለቀሰች።  ግን እትዬ ዘነበችን ማን ይቆጣል? ሰርጉን የራሳቸው ልጅ ሰርግ አድርገው ነበር የያዙት።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶ አንሺው መጣ፣ ግቢውን አየና ራሱን ነቀነቀ። እማዬም አልወርድም እንዳለች ነች። በቃ ቀረ ብለን ተስፋ ቆረጥን። ሰውየው ሰላም ሊላት ወደ ቤት ሲገባ ግን በሩ ላይ ቆመ።

«ማንም እንዳይነቃነቅ!»

እማዬ በሐበሻ ቀሚሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ከእግሯ ስር እስከ ጓዳው በር ድረስ ሰርዶ በሰርዶ ነው፣ የመስኮቱ ፀሐይ አርፎበታል። ቤቲ ቬሎዋን ሳሩ ላይ ዘርግታ ተንበረከከችና ያንን እምቢተኛ ጉልበት ሳመች።

«ብርዱም ድርቁም አይንካችሁ» አለች እማዬ ቤቲንና ከጎኗ የቆመውን ሙሽራ እያየች። «እንደ ሰርዶ ስር ስደዱ።»

ሁላችንም «አሜን!» አልን። ፎቶ አንሺው ሳይቀር።

ፎቶው አሁን ሳሎን ተሰቅሏል። ሰርዶውም ተመልሶ ግቢውን ሞልቶታል። ችግሩ... እትዬ ዘነበች ባለፉ ባገደሙ ቁጥር መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥለው እኔን ያዩና «ሳሩስ ደርሷል፤ አንተስ?» ይሉኛል።