ለብ ያለ ውሃ

አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሠፈራችንን ሴቶች ሬሳ ስታጥብ ኖረች። ማንም አልሾማትም። አቃቂ በሰቃ በነበርንበት ጊዜ አንዲት ሴት ካረፈች፣ የእድሩ ጡሩንባ ሳይነፋ ሰው መጥቶ የእኛን በር ያንኳኳል። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፤ ገና ከፋብሪካ ገብታ ጫማዋን ያላወለቀች ብትሆንም ያው ነው።

ፋብሪካ የምለው የክር ፋብሪካውን ነው። ወጣትነቷ እዚያ አለቀ፣ ጆሮዋም እዚያ ቀረ። በማሽኑ ጩኸት ስለደነቆረች ቤት ውስጥ የምታወራው እየጮኸች ነበር፤ አዲስ ሰው ሲሰማን የተጣላን ይመስለዋል። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስትሞት ያጠበቻት እሷ ናት። የገዛ ልጇን። ይህን አንድ ቀን እንኳን አንስታልኝ አታውቅም፤ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ከዚያ እኔን አዝላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ በቃ።

አንድ የማትለቀው ነገር ነበራት። ውሃው ለብ ማለት አለበት። ሌሎቹ ሴቶች ከበርሜል ቀድተው ያፈሱታል፤ እሷ ግን ከሰል ካልተያያዘ እጅጌዋን አትሰበስብም። ሙቀቱን ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው በክርኗ ትለካዋለች። ሬሳ ደግሞ ምን ይበርደዋል እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷ ከሰሉን ማራገቧን ትቀጥላለች። ስላልሰማች ይሁን ስለናቀቻቸው እኔ እንጃ፣ ሁለቱም ይመስለኛል።

በኋላ ሠፈሩ ፈረሰና ምትክ ቤት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ አራተኛ ፎቅ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ይለናል። ምኑ ነው የሚያስደስተው? ጉልበቷ ላለቀ አሮጊት አራተኛ ፎቅ እኮ እስር ቤት ነው። ጎረቤቶቻችን በየአቅጣጫው ተበተኑ። አብረዋት ሬሳ ያጥቡ የነበሩት ጓደኞቿ ቀደም ብለው አልቀዋል፤ እነሱንም አጥባ የሸኘች እሷ ናት። አዲሱ እድር ውስጥ በስሟ የሚያውቃት ሰው አልነበረም።

ሞት አያስፈራትም ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጣ የምታስበው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን፣ ያቺ ስትጮህ የኖረች ሴት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

“እኔን ማን ያጥበኛል?” አለችኝ።

ሞት አታውሪብኝ ብዬ ተቆጣሁ። አልሰማችኝም።

“የማያውቀኝ ሰው በቀዝቃዛ ውሃ እንዳያጥበኝ አደራሽን፣ ልጄ” አለች።

እሺ አልኳት፣ ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ ወዲህ የቧንቧው ውሃ በመጣ ቁጥር አንድ ጀሪካን አስሞልታ አልጋዋ ሥር ታስቀምጣለች። ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ባደረበት ጠዋት፣ ቂሊንጦ ለሥራ የሚወስደኝ ሰርቪስ ሳያመልጠኝ ሻይዋን ይዤ ስገባ አርፋለች። ጮህኩ። የሕንፃው ሰው ወጣ፤ ደጎች ናቸው፣ አልዋሽም። ወንዶቹ ድንኳን ሊተክሉ ወረዱ፣ አንደኛዋ ጎረቤት ሬሳ የሚያጥቡ እናት ከሌላ ብሎክ ይዛ መጣች። ሴትዮዋ ገብተው አልጋዋ ሥር ያለውን ጀሪካን አዩና ጎትተው አወጡት። በእጄ ነካሁት። በረዶ ነው። መብራት ደግሞ የለም።

አንድ ጊዜ ይታገሡኝ አልኳቸው። ቀብሩ ለስድስት ሰዓት እንደሆነ፣ ካህናቱም መንገድ ላይ እንደሆኑ ነገሩኝ፤ እሷን ከእንግዲህ ብርድ አያገኛትም ብለው ሊያጽናኑኝም ሞከሩ። አልሰማሁም። እኔም እንደ እሷ ደነቆርኩ።

በረንዳው ላይ ያለው ከሰል ዝናብ ጠጥቶ ርሷል። በካርቶን አራገብኩ፣ ጠፋ፣ እንደገና አያያዝኩ። ከታች ወንዶቹ አለቀ ወይ እያሉ ይጣራሉ። እኔ ጭሱን እየተራገምኩ አለቅሳለሁ። እናቴ የሞተች ቀን እሷም እንዲህ ከሰል ላይ ጎንበስ ብላ ነበር ማለት ነው፣ ልጇ ቤት ውስጥ ተጋድማ። ከማን ጋር ተጣልታ ይሆን? ማንስ ቶሎ በይ ብሏት ይሆን? አንድም ቀን አልጠየቅኳት።

የጣድኩት ውሃ መትነን ሲጀምር ድስቱን አውርጄ ከቀዝቃዛው ደባለቅኩና ክርኔን ነከርኩ። ትንሽ ቀዝቃዛ ጨመርኩ፣ ደግሜ ነከርኩ። ሴትዮዋ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጣሳውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። በሕይወቴ ሬሳ ነክቼ አላውቅም።

“እኔ ነኝ የማጥባት” አልኳቸው።

ጣሳውን ይዤ ከፊቷ ጀመርኩ።