የአክስቴ የለቀማ ተራ

በዚያ ዓመት ያጠረኝ ጊዜ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ጊዜዬን የሚፈልገው ሰው ነው የበዛብኝ። ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ የቴክኖሎጂ ግቢ ተምረን እንደጨረስን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እዚያው ከተማ በቾ ቦሬ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን የቡና ማድረቂያ መሥራት ጀመርን። በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማራገቢያ ያለው ትልቅ ሳጥን ነው። "ጀማሪ ሥራ ፈጣሪዎች" መባል ከጀመርን በኋላ ግን ዛሬ ውድድር፣ ነገ የልምድ ልውውጥ፣ ከነገ ወዲያ ከእኛ ጋር ፎቶ መነሳት የሚፈልግ እንግዳ። ማድረቂያው ጥጉን ይዞ አቧራ ሲጠጣ፣ እኛ ስለ ማድረቂያው ስናወራ እንውላለን።

ጓደኛዬ ለጠራው ሁሉ እሺ ባይ ነው። "በራችንን ከዘጋን ማን ያውቀናል?" ይለኛል። እኔ እቆጣለሁ፤ ተቆጥቼ ስጨርስ እከተለዋለሁ።

የቀረን ማድረቂያውን በእውነተኛ ቡና መፈተን ነበር። ቡና ደግሞ የሚቀላው በዓመት አንዴ ነው። ሌላ ገበሬ ስላላመነን አጋሮ አካባቢ የምትኖረውን የአባቴን እህት ለመንናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከጓሮዋ ቡና ሌላ መተዳደሪያ የላትም። እሸት ቡና ካደረ ስለሚበላሽ ጎረቤቶቿ በለቀሙበት ቀን ለቡና መፈልፈያው ጣቢያ ይሸጣሉ፤ እሷ ግን የዓመቱን ቡናዋን ለእኛ ልታቆይልን ቃል ገባች።

እዚያ ሰፈር ለቀማው በወንፈል ነው፤ እነሱ ዳዶ ይሉታል። ሁሉም ተሰብስቦ ዛሬ የአንዱን ይለቅማል፣ ነገ የሌላውን። የአክስቴ ተራ ረቡዕ ነበር። እሑድ ግን ለማድረቂያው ገንዘብ ከሚደግፈን ድርጅት ተደወለልን። ሳምንቱን ሙሉ ጅማ ላይ ሥልጠና አለ፣ ሁለታችሁም ካልተገኛችሁ ከድጋፉ ትሰረዛላችሁ ተባልን። የሥልጠናው ርዕስ የጊዜ አጠቃቀም ነው። ሊያስተምሩን የመጡትን ነገር መጀመሪያ ወሰዱብን።

ለአክስቴ ደወልኩላት፤ በኦሮምኛ አዳዳ ነው የምላት።

"አዳዳ፣ እኛን አትጠብቂ፤ አስለቅሚና ለመፈልፈያው ሽጪው" አልኳት።

"ትምህርት ከሆነማ ሂዱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ቃል ገብቻለሁ። ተራዬን ለጎረቤት እለቃለሁ፤ የኔ መጨረሻ ላይ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።"

ተራውን የለቀቀ ሰው ለሁሉም እስኪዳረስ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ቀለል አለኝ።

አሠልጣኙ ባለቀለም ወረቀት አደለንና ሥራችንን "አስቸኳይ" እና "አስፈላጊ" እያልን ግድግዳ ላይ እንድንለጥፍ አዘዘን። ጓደኛዬ "ለቀማ" ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። ሐሙስ ከሰዓት ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበው ጀመር። የቡና አገር ልጅ በለቀማ ወራት የሚጥል ዝናብ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። አሠልጣኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ።

ዝናቡ ሲያባራ፣ መልሶ ሲጥል ሰነበተ። ወንፈሉም ተበተነ፤ እያንዳንዱ የራሱን ለማትረፍ ወደ የጓሮው ሮጠ። መንገዱ ለመኪና እስኪመች ጠብቀን ማድረቂያውን ጭነን ስንደርስ፣ አክስቴ ብቻዋን ቡናው ሥር ተቀምጣለች። አብዛኛው ፍሬ ረግፎ ጭቃው ውስጥ ጠቁሯል። እሷ አንድ አንዱን እያነሳች በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች። ጓደኛዬ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እኔም ማልቀስ አማረኝ፤ ግን በየትኛው ፊቴ?

"ደህና መጣችሁ" አለችን። "ትምህርቱ እንዴት ነበር? ምን አስተማሯችሁ?"

"ስለ ጊዜ አጠቃቀም" አልኩ።

እያሾፈች እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየሁት። አላሾፈችም። እጇን በሣሩ ጠረገችና አጠገቧ ያለውን ደረቅ ቦታ አሳየችን።

"በሉ ተቀመጡና ለኔም ንገሩኝ" አለች። "እኔ እንደሆነ እስከ ከርሞ ሥራ የለኝም።"