የተናኘ አፍንጫ

ተናኘ ጠርሙስ ስታሸት ላየ ሰው ጠርሙሱን የምትስመው ነው የሚመስለው። አፉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አንዴ ሳብ ታደርግና ወይ ወደ ማጠቢያው ታሳልፈዋለች፣ ወይ ቀስ ብላ ከበርሜሉ ጀርባ ትሸጉጠዋለች። ቦሳ ኪቶ በሚገኘው በወይዘሮ ባህሪያ ብርዝ ቤት ይህንን ስትሠራ ስምንት ዓመት ሞላት። ብርዙ ከጥሩ ማር የተበረዘ፣ የማያሰክር ነውና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለሰርጉ ያዝዘዋል። ጠርሙሱ ግን ያገለገለ ነው። ከከተማው መርካቶና ከገጠር ተለቅሞ በጋሽ ሸኩር የአህያ ጋሪ ይመጣል።

ያገለገለ ጠርሙስ መቼም ጉድ አያጣም። በተለይ ቡና ሲደርስ፣ ገጠር ያለው ሰው ለመፈልፈያው ሞተር ናፍጣ የሚያመላልሰው በጠርሙስ ነው። ናፍጣ አንዴ የገባበትን ጠርሙስ በፈላ ውሃ ቀቅለው፣ በሳሙና እሸው፣ ወይ ፍንክች! ለዓይን እንደ መስታወት ያበራል፤ ብርዝ ስትቀዳበት ግን ጉድህ ይወጣል።

ጋሽ ሸኩር ስድሳ አምስት ያለፋቸው፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። አፉ የተሸረፈ ጠርሙስ ከጋሪያቸው አይገኝም። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏቸዋል፤ አፍንጫቸው ሽታ አይለይም። በወጣትነታቸው ቡና ከገለባው በሚለይበት መቀሸሪያ ቤት ሲሠሩ የገለባው አቧራ ነው አሉ የገደለው። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ለራሳቸውም አልነገሩትም። ተናኘ የደረሰችበት አንድ ቀን አይጥ ከጆንያ ሥር ሞታ ግቢው በሙሉ አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ፣ እሳቸው እዚያው ጆንያ ላይ ተደላድለው ሳምቡሳቸውን ሲበሉ አይታ ነው። መጀመሪያ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ አዘነችላቸው።

«ብነግራቸው ያፍራሉ፤ ለወይዘሮ ባህሪያ ብናገር እንጀራቸው ይቋረጣል» አለች በልቧ። ስለዚህ የሸተተውን በሳምንት ሁለት ሦስት እየለየች፣ ማንም ሳያያት ከግቢው ጀርባ ካለው ጉድጓድ ትጥለው ጀመር። ሰውዬው በመርካቶ «የሸኩር ጠርሙስ ነውር አያውቅም!» እያሉ ሲኩራሩ ስትሰማ፣ «እሰይ ጋሽ ሸኩር!» ትላለች፤ ከልቧ ነው።

ባለፈው መስከረም ወይዘሮ ባህሪያ ማሽን አስመጣች። ማሽኑን የሚተክለው ኤልያብ የሚባል መሐንዲስ ነበር፤ ትሁት ሰው፣ ደብተር ከእጁ የማይለይ። ጠርሙሱን ከሳጥን የሚያነሳ ባለጎማ ጣት ክንድ፣ የሚያጓጉዝ ቀበቶ፣ ስንጥቅና እድፍ የሚያይ ካሜራ፤ ከዚያ እሱው ያጥባል፣ እሱው ይቀዳል፣ እሱው ይከድናል። እዚያ ከሚሠሩት ስምንት ሴቶች አምስቱ እንደሚሰናበቱ፣ ተናኘ ደግሞ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ለጣፊ እንደምትሆን የተሰማው ማሽኑ ሳይተከል ነው። ወረቀት ለጣፊ! ከስምንት ዓመት በኋላ!

«እትዬ ተናኘ» አላት ኤልያብ፣ «ጠርሙስ ሲመጣ ምን ምኑን ነው የሚያዩት? አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ። ማሽኑ የሚማረው ከእርስዎ ነው።»

«ስንጥቁን፣ እድፉን፣ የተሸረፈውን።»

«ሲያሸቱም አይቻለሁ።»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለችው፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ጻፈው ምስኪኑ፣ ስንጥቅ፣ እድፍ፣ ሽራፊ። እሷም በሆዷ፣ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እግሬ ላይ ወድቀው ይለምኑኛል» አለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ ለማንም በጎ ነገር አምጥቶ አያውቅም።

ኅዳር ላይ ማሽኑ ሥራ ጀመረ። ክንዱ አሥራ ሁለት ጠርሙስ በአንድ ጊዜ ብድግ ሲያደርግ የቀሩት ሴቶች እልል አሉ። ተናኘ ጥግ ተቀምጣ ወረቀት ለጠፈች። በሁለተኛው ረቡዕ የጋሽ ሸኩር ሳጥን በአጠገቧ ወደ ማሽኑ ሲያልፍ ናፍጣው አፍንጫዋን መታት። እጇን ብትዘረጋ ትደርስበት ነበር፤ «ቆይ» ብትል ይበቃ ነበር። «ካሜራው ያሽትተው!» ብላ ወረቀቷን ለጠፈች። ጋሽ ሸኩር በዚያች ሰዓት ትዝም አላሏት። ዛሬ ድረስ እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ነው፤ ስምንት ዓመት የሳሳችላቸውን ሰው በአንድ ረቡዕ እንዴት ረሳቻቸው?

ብርዙ አጋሮ ሰርግ ላይ ቀረበ። ሙሽራው ፊት አንድ ትልቅ ሰው ተፋው፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ድንኳኑ ሙሉ። በማግስቱ ሳጥኑ እንዳለ ተመለሰ። ወይዘሮ ባህሪያ እሳት ለበሰች።

«ስምንት ዓመት አንድም ቀን ያልሸተተ ጠርሙስ፣ ማሽን ሳስገባ ጊዜ ነው የሸተተው? ጋሽ ሸኩር ሆን ብለው ነው! ከዛሬ ጀምሮ ጋሪያቸው በዚህ በር እንዳትገባ!»

ወሬው ከቦሳ ኪቶ መርካቶ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም፤ «ሸኩር ናፍጣ ጨመረበት» ተባለ። ጠርሙስ የሚሸጥላቸውም ከእሳቸው የሚገዛም ጠፋ። እሳቸውም ሽማግሌ ይዳኘኝ ብለው ሐጂ ቲጃኒን ይዘው መጡ። ዓርብ ከጁምዓ መልስ በብርዝ ቤቱ ግቢ ተቀመጡ።

«እኔ ስሜን ነው የምፈልገው» አሉ ጋሽ ሸኩር። «ጠርሙሴን ስምንት ዓመት የተቀበለችኝ ተናኘ እቺው አለች። የሸተተ ሰጥቻት አላውቅም። ቁርአን ይቅረብልኝና ልማል።»

ሐጂ ቲጃኒ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ሸኩር ሊማሉ ውዱ ለማድረግ ወደ ጠርሙስ ማጠቢያው ቧንቧ ሄዱ። ተናኘ እጃቸውን ሲያጥቡ አየች፣ አፋቸውን ሲጉመጠመጡ፣ ያንን የማያሸት አፍንጫቸው ውስጥ ውሃ ሲያስገቡ። ዝም ብትል ይምላሉ፤ ሰው ያምናቸዋል፤ ስማቸው ይመለሳል። መሐላው ግን ሐሰት ነው፣ እሳቸውም አያውቁትም። ቀኝ እግራቸውን አጥበው ግራውን ሲጀምሩ አላስቻላትም።

«አይማሉ!» ብላ ጮኸች። «በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ አይማሉ ጋሽ ሸኩር!»

እግራቸው ቧንቧው ሥር እንዳለ ቀና አሉ። «ምነው ተናኘ?»

«ይሸት ነበር። በሳምንት ሁለት ሦስት። እኔ ነኝ እየደበቅሁ ስጥለው የኖርኩት። እርስዎ ሆን ብለው አይደለም፣ ሽታ አይለዩም።»

ወይዘሮ ባህሪያ ብድግ አለች። «ታዲያ ኤልያብ ሲጠይቅሽ?»

«ተናድጄ ነበር» አለች ተናኘ።

ጋሽ ሸኩር ቢሰድቧት፣ ቢረግሟት በወደደች። እሳቸው ግን ቧንቧውን ዘጉና አስተዋሏት።

«ስምንት ዓመት?»

«ስምንት ዓመት።»

«ማሎ፣ ምነው ተናኘ!» አሉ። «እቤት የልጅ ልጄ ሙና አለችልኝ እኮ። ጎረቤት ምን ወጥ እንደሠራ ከአልጋዋ ሳትወርድ የምትነግረኝ ልጅ ናት። አንድ ቃል ብትነግሪኝ ጠርሙሱን ሁሉ እየሳቀች ታሸትልኝ ነበር።»