ዋጋሪ ያለሰለሳት ጀልባ

ነቀምት ውስጥ መኪናው አንዴ ተገጭቶ ዋጋሪን የማያውቅ ሰው የለም። ባትላሜራ ነው። የተጨራመተ በር፣ የገባ ኮፈን፣ ከኢሱዙ ጋር የተሳሳመ ባጃጅ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወዳለው ጋራዡ ይገባል፤ ሲወጣ ባለቤቱ ራሱ የቱ ጋ እንደተመታ ጠፍቶት ዙሪያውን ይዞረዋል። ይኼ የዋጋሪ ኩራቱ ነው፤ በሽታውም ነው። ጭረት ሲያይ ያመዋል። ሠርግ ተጠርቶ፣ ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሲያይ፣ እሱ የሙሽሮቹን መኪና በጥፍሩ ኳ ኳ እያደረገ፣ “ይቺ በር ስቱኮ ናት፤ ያውም የሰነፍ ስቱኮ” የሚል ሰው ነው። ሚስቱ ኬኔ በዚህ ጉዳይ ስንቴ በክርኗ ጎሽማዋለች!

ቀለም የሚረጭለት የኋላሸት፣ አባቱ ከጎጃም መጥተው ነቀምት የቀሩት፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ አብሮት ስለሠራ ሊተርበው መብት አለው። “አንተ ሰውዬ፣ ስቱኮ ሰው ፊት ላይ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የራስህን ግንባር ትደፍነው ነበር” ይለዋል። ዋጋሪም ይስቃል። ስልሳን አልፏልና ግንባሩ ላይ የሚደፈን ነገር ሞልቷል።

ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት፣ ኢሱዙ ጀልባ ጭኖ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ባሕር በማያውቅ ከተማ ጀልባ በመኪና ሲመጣ ሰው ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም፤ ሰፈሩ በሙሉ ተንጋግቶ ወጣ። “ነቀምት ወደብ ስትሆን ለምን አልተነገረኝም?” አለ የኋላሸት። ዋጋሪ ግን አልሳቀም። ገና ከሩቅ ሲያያት አውቋታል። አፍንጫዋ ወደ ግራ ጠመም ያለች፣ ከፋይበር የተሠራች የድሮ ጀልባ። ቀለሟ ተላልጧል፣ ሆዷ ተሰንጥቋል፣ ጠርዟ አይጥ የበላው ይመስላል። ቢሆንም ያቺው ናት።

ከጋቢና የወረደው ሮቤራ ነበር፤ የጀልባዋ ባለቤት የኦቦ ኩማ ልጅ።

“ኦቦ ዋጋሪ፣ አካም ጂርቱ?”

“ነጋ፣ ገለተ ዋቃ። አባንኬ ፈያዳ? አባትህስ ደህና ናቸው?” አለ ዋጋሪ።

“ይመስገነው፣ ደህና ናቸው። ዓይናቸው ነው የደከመው። ‘ከዋጋሪ ሌላ ሰው እንዳይነካት’ ብለው ነው የላኩኝ። ከእንግዲህ መሪውን እኔ እይዛለሁ፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው መንገዱን ያሳዩኛል።”

ዋጋሪ ጀልባዋን ሁለቴ ዞራት። ከዚያ እጁን አፍንጫዋ ላይ አሳርፎ፣ “ገንዘብ አልቀበልህም” አለ። “ከመስቀል በኋላ ቢርቢርሳ ታደርሱኛላችሁ። ዋጋዬ እሱ ነው።”

ሮቤራ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሐይቁ ዳር ላደገ ሰው ቢርቢርሳ የት እንዳለ መንገር አያስፈልግም፤ ውሃ ሥር ነው ያለው።

ዋጋሪ የተወለደው እዚያ ነው። የፊንጫአ ግድብ ተሠርቶ ውሃው ሜዳውን መሙላት ሲጀምር የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ውሃ ሲመጣ በጎርፍ የሚመጣ ይመስለው ነበር፤ ያኛው ግን ቀስ ብሎ፣ እንደ እንግዳ፣ መጀመሪያ ግጦሹ ላይ ቆየት፣ ቀጥሎ ጓሮው ላይ ቆየት እያለ ነው የመጣው። አባቱ የቤቱን ምሰሶ ነቅለው ተሸከሙ። እናቱ ኢቢሴ ግን ከሁሉም ኋላ ቀርታ ደጇን ጠረገች። ሊሰምጥ የተዘጋጀ ደጅ! ምን ነክቶሽ ነው ሲሏት፣ “እንግዳ ቢመጣስ?” አለች።

ቤተሰቡ ነቀምት ገብቶ ከተሜ ሆነ። ኢቢሴ ግን በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ ልጇን አስከትላ ሐይቁ ዳር ትወርድ ነበር፤ ኦቦ ኩማ በዚህችው ጀልባ ይወስዷቸው ነበር። ዙሪያው ውሃ ብቻ የሆነ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ያጠፉና፣ “ኢቢሴ፣ ደጃፍሽ ላይ ነን” ይሏታል። እንዴት እንደሚያውቁ ማንም አያውቅም። ሲጠየቁ፣ “ውሃው ይነግረኛል” ብለው ይስቃሉ። እናቱ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ወደ ውሃው ጎንበስ ትላለች፣ ከዚያም ሰው ቤት የደረሰ እንግዳ ከውጭ እንደሚጣራው፣ “ዋረ መና!” ትላለች። ቤቶች! ማለቷ ነው። ያመጣችውን እርጥብ ሳር ውሃው ላይ ትበትናለች። ዋጋሪ ጎረምሳ ሳለ በዚህ ያፍር ነበር፤ ሌላ ጀልባ እንዳያያቸው ዙሪያውን ይቃኛል። መልስ በማይመጣበት ቤት መጣራት ምን ይባላል?

ኋላ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመባቸው ዓመታት መጡ። ዛሬ እንሂድ፣ ነገ እንሂድ ሲባል የኢቢሴ ጉልበት ከዳት። አምና ነቀምት፣ አልጋዋ ላይ እንዳለች አረፈች። ከመሞቷ በፊት የዋጋሪን እጅ ይዛ፣ “ደጄን ዝም ብለህ እንዳትተዋት። እኔ ባልኖር አንተ ተጣራልኝ” አለችው። እሺ አላት። ዓመቱን ሙሉ ግን አልሄደም። እሷን ያላደረሳት መንገድ እሱንም አላደርስ ብሎት ነበር።

እናም ጀልባዋን የእናቱን ቤት እንደሚያድስ ሰው ሆኖ ሠራት። ፋይበር ለሱ እንግዳ አይደለም፤ የተሰበረ መከላከያና የባጃጅ ፊት ሲጠግን ነው የኖረው። ጀልባዋን ገልብጦ በሳሙና አጠባት፣ ከዝናቡ ሸሽጎ በላስቲክ ድንኳን ሥር አደረቃት። የተሰነጠቀውን ሆድ በግራይንደር ከፍቶ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ አነሳው። የኋላሸት ስቱኮ ይዞ ሲቀርብ፣ “መኪና አይደለችም” ብሎ መለሰው፤ “ይኼ ውሃ ይጠጣል። ለሆዷ ሌላ ጉርሻ ነው የሚያስፈልጋት።” የፋይበሩን ጨርቅ እየቆረጠ፣ ሬዚን የሚባለውን ሙጫ ከማድረቂያው ጋር እየቀላቀለ፣ ንብርብሩን በብሩሽ እየጠቀጠቀ አየሩን አስወጣ። በነሐሴ ብርድ ሬዚኑ አልደርቅ እያለ አስቸገረው፤ ከሰል አንድዶ ከሩቅ አሞቀው። ብናኙ አንገቱ ውስጥ ገብቶ ሲያሳክከው ኬኔ ማታ ማታ በሞቀ ውሃ ታጥበዋለች፤ “ሌላ ሰው ዓሣ ይዞ ይገባል፣ አንተ እከክ” እያለች።

ሲፍቃት ደግሞ ዘመኗ ተራ በተራ ወጣ። ላይ ላዩ ቀይ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከዚያ በታች አረንጓዴ። አረንጓዴው ብቅ ሲል የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠ። እናቱ ጠንካራ በነበረችበት ጊዜ፣ እሱ በሚያፍርበት ጊዜ፣ ጀልባዋ አረንጓዴ ነበረች። ያን ያህል ደስተኛ እንደነበር ያኔ ማን ነገረው! የኋላሸት አይቶት እንዳላየ ሆነ፤ የጋራዡን ሬዲዮ ቀነስ አደረገው።

ከዚያ ጠርዙ ቀረ። በቀኝ በኩል፣ ከኋላው መቀመጫ አጠገብ፣ ከስንጥቁና ከመበላቱ ሌላ ትናንሽ ጭረቶች ተደርድረውበታል፤ ሰንጢ የያዘ ሥራ ፈት የጫጫረው ይመስል። ዋጋሪ ከንፈሩን መጠጠ። “እንዲህ ዓይነት ሰው አጠገብ ንብረት ይቀመጣል?” አለ። ደፈን ደፈን አድርጎ መተው ይችል ነበር፤ ግን ዋጋሪ ነዋ! ጠርዙን እስከ መጨረሻው ልጦ አዲስ ፋይበር አለበሰው፣ ፍቆ ፍቆ አለሰለሰው። የኋላሸት አረንጓዴ ቀለም ረጨባት። ያለቀች ዕለት ዝንብ ብታርፍባት የምታንሸራትት ሆነች። ዋጋሪ መዳፉን ጠርዟ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኪዶ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። በሥራው እንዲህ የረካበትን ቀን አያስታውስም።

በጥቅምት መንገዱ ሰላም ሆነ ተባለ። ጀልባዋን ጭነው በሲሬ አድርገው፣ በባኮ አልፈው ሐይቁ ዳር ወረዱ። ኦቦ ኩማ በትራቸውን ይዘው ዳር ላይ ይጠብቃሉ። ዋጋሪን አቅፈው ትከሻውን ሳሙት፣ ለእናቱም አለቀሱ። ከዚያ፣ “እስቲ ልጄን ልያት” ብለው በመዳፋቸው ጀልባዋን መዳሰስ ጀመሩ። አፍንጫዋን፣ ጎኗን፣ ሆዷን። “ገለቶሚ፣ ኢልመኮ፤ ተባረክ ልጄ፣ ቆዳዋ ታደሰ” እያሉ ቀኝ ጠርዟ ላይ ደረሱ። እጃቸው ሄደ፣ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ፊታቸው ተለወጠ።

“ጭረቶቹስ?” አሉ።

“ምን ጭረት ቀረ ብለው ነው፣ አባ? አንድ አልተውኩም” አለ ዋጋሪ፣ በኩራት።

ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። “ውሃ ለሰው ይናገራል እንዴ፣ ዋጋሪ? እኔ ሁሌ እዚያች መቀመጫ ላይ ነው የምቀመጠው። ከዚህ ስነሳ አፍንጫዋን ወዲያ ማዶ ወዳለው ተራራ አቀናለሁ። በጎን ያለው ጉብታ ጭረቷ ላይ ሲቀመጥ፣ መንደሩ ሥሬ ነው። ለየመንደሩ የየራሱ ጭረት ነበረው። እኔ ባላይም ሮቤራ እያየ እንዲሄድ አስቤ ነበር።”

ዋጋሪ እጆቹን አያቸው። ዕድሜ ልኩን የኮራባቸው እጆች። የእናቱን ደጃፍ ፍቀው አጥፍተዋታል፤ እሷ ብቻ አይደለችም፣ የስንቱን ሰው ደጃፍ! “እጄን በቆረጠው” አለ። ድምፁ ተሰበረና ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ሮቤራ ገመዱን ያጠነጥናል።

ኦቦ ኩማ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። “በል ግባ” አሉ። “የቢርቢርሳን ጭረት ማን ያስጫረኝ ይመስልሃል? እኔ የሌላ መንደር ሰው ነኝ፤ የናንተን ደጅ ከየት አውቄው? እናትህ ናት። መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ፊቷን እያየሁ ዝም ብዬ ነዳሁ። የሆነ ቦታ ላይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሞተሩን አጠፋሁና ጫርኩ። ልክ ናት አይደለችም ብዬ ጠይቄያትም አላውቅ። አሁን ደግሞ ሮቤራ ያንተን ፊት ያያል።”

ኦቦ ኩማ አጠገቡ ተቀምጠው፣ ሮቤራ አፍንጫዋን ወደ ተራራው አቅንቶ ነዳ። ዋጋሪ መሀል ላይ ቆሞ ወዲያና ወዲህ ያማትራል። ሁሉም ኮረብታ አንድ ሆነበት። “እዚህ ይሆን?” አለ አንዴ። ሮቤራ አየት አደረገውና ሞተሩን ሳያጠፋ አለፈ። ዋጋሪን ላብ አጠመቀው። እናቱ የጠረገቻት ደጅ ትዝ አለችው፤ አባቱ ምሰሶውን ሲነቅሉ እሱ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ቁጭ ብሎ። እንደ ልጅ።

ጀልባዋ ወለል ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱን አቀፈ። ከዚያ ዝቅታ ሲያይ ኮረብታዎቹ ከፍ አሉ። በስተምዕራብ ሁለቱ እየተቀራረቡ፣ እየተቀራረቡ መጡ። በልጅነቱ ማታ ማታ ከብቱ ሲገባ ፀሐይ በመሀላቸው ስትጠልቅ ያያት የነበረችው ያቺ ክፍተት፣ ገርበብ እንዳለ በር ጠበበች። ሰው እየጠራው ያለ መሰለው። ሞተሩ ጠፋ።

“ምነው አቆምክ?” አሉ ኦቦ ኩማ።

“እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ” አለ ሮቤራ።

ዋጋሪ እጁን ያኔ ነው ያየው። እንባው እየወረደ፣ ወደ ኋላው መቀመጫ ሄዶ ሮቤራን አስነሣና ተቀመጠ። “አባ፣ ሰንጢዎን ይስጡኝ” አለ። ጉብታው ጠርዙ ላይ የሚያርፍባትን ቦታ በጣቱ ያዘና ስለቱን አሳረፈ።

“ኧረ ኦቦ ዋጋሪ፣ ቀለሙ!” አለ ሮቤራ ደንግጦ።

“ዝም በል” አለው ዋጋሪ፤ እንደ መስታወት ባለሰለሰው ጠርዝ ላይ ተጫነ። ቀለሙ ተላጠ፣ ፋይበሩ ተፈለፈለ፣ ነጭ ብናኝ ጉልበቱ ላይ ወረደ። ጥልቅ አድርጎ ጫረው። የኦቦ ኩማን እጅ ይዞ ጭረቷ ላይ አኖረላቸው፤ ሽማግሌው ደጋግመው ዳሰሷትና ሳቁ። “የሌሎቹንም መንደሮች ልጆች ፈልጉልኝ” አሉ። “አንድ በአንድ ይምጡ።”

ዋጋሪ ከነቀምት በላስቲክ ጠቅልሎ ያመጣውን እርጥብ ሳር አወጣ። ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አወለቀ። ወደ ውሃው ጎንበስ ሲል ዙሪያውን አልቃኘም።

“ዋረ መና!” አለ፤ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

ድሮ እናቱ ስትጣራ ቤቱ ባዶ እንደነበር ያውቅ ነበር። ዘንድሮ ግን ሰው እንዳለበት ቤት፣ በሩ እስኪከፈት ቆሞ ጠበቀ።