እማማ ሎይስ ሳይሄዱ

ልጅ እያለሁ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ገና ሳይታይ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆሜ እግር እቀያይራለሁ፤ ኬክ ኦቨን ከገባ መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ እቀራለሁ። እናቴ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ማን ነው የሚያባርርሽ?» ትለኝና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ትጨምርበታለች። እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ እመልስላታለሁ። እዚህ ሚኒያፖሊስ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ በአማርኛ እየተቆጡን በእንግሊዝኛ እየተከራከርን ነው ያደግነው።

ያኔ ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ አሮጌ ቤት የታችኛውን ፎቅ ተከራይተን እኔና እናቴ ብቻ እንኖር ነበር። እሷ ነርሲንግ ሆም ውስጥ፣ አረጋውያን እየተንከባከበች ነበር የምትሠራው። ከአጥሩ ወዲያ ሎይስ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ በስማቸው ነው የሚጠራቸው፤ እናቴ ግን «እናቴን የሚያህሉ ሴት ስማቸውን ባዶውን? ነውር ነው!» ብላ እማማ ሎይስ አለቻቸው። እሳቸውም ወደዱት። በራችንን ሲያንኳኩ «እማማ ነኝ!» ማለት ጀመሩ።

አንድ የጸደይ ቅዳሜ፣ በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲላላ፣ አካፋ ይዘን እንድንመጣ ጠሩን። ጓሯቸው ውስጥ ለብዙ ዓመት የኖረ አስተር የሚባል አበባ ነበራቸው። ክረምት ሲገባ ላዩ ይደርቃል፣ ሥሩ በረዶ ሥር ይተኛል፣ ሲሞቅ እንደገና ያቆጠቁጣል። የሚፈካው ግን ሌላው አበባ ሁሉ ሲደክመው በመስከረም ነው። ቅጠሉን በጣት ሲያሹት ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ ያ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። የሥሩ መሃል አርጅቶ ተመልጦ ስለነበር እማማ ሎይስ ያንን አስጣሉንና ከዳር ያለውን ወጣት ቡቃያ ከነአፈሩ ሰጡን። እኛም አጥሩ ሥር ተከልነው። ቀለሙ ወይን ጠጅ ቢሆንም በመስከረም እንደሚፈካ ስትሰማ እናቴ «በቃ፣ ይኼ የእኛ አደይ ነው» አለች።

አያያዙንም አስተማሩን። ጫፉን በሁለት ጣት ቀንጠስ እያደረጉ «ፒንች አድርጊው» አሏት፤ ዝም ከተባለ ሽቅብ ይመዘዝና ይወድቃል፣ ከተቀነጠሰ ግን ቅርንጫፍ ያወጣል። «እስከ ጁላይ ፎር ርችት ድረስ ብቻ። ከዚያ እጅሽን ሰብስቢ፣ አበባ ያዘጋጅበት።» እናቴ ፊቷ በራ። «ጎመን ማለት አይደል እንዴ! ስለ ጎመን ለእኔ ይነገረኛል?»

ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። ርችቱ ተተኮሰ፣ አለፈ፤ የእናቴ እጅ ግን አልተሰበሰበም። ከሥራ ስትመለስ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር አጥሩ ሥር ሄዳ ቀንጠስ፣ ቀንጠስ። በቀነጠሰችው ቁጥር እየበዛ ክብ፣ ደንዳና ቁጥቋጦ ሆነ። «አየሽ፣ እጅ ሲያገኝ!» ትለኛለች እየተኩራራች። ጎመን በተቀነጠሰ ቁጥር ይሰጣል፤ እናቴ የምታውቀው ተክል ሁሉ እንዲህ ነው።

ነሐሴ ላይ እማማ ሎይስ ደረጃቸው ላይ ወደቁ። አሪዞና የሚኖረው ልጃቸው መጣና ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም አለ። ቤቱ ለሽያጭ ወጣ፤ ገዢ እንዲወደው ተብሎ የአትክልቱ ቦታ ተነቅሎ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ ሣር ተዘረጋበት። እማማ ሎይስ አጥሩን ተደግፈው የእኛን ቁጥቋጦ እያዩ «የእኔ ያለው አሁን እናንተ ጋ ብቻ ነው» አሉ። «ሳልሄድ አንድ ጊዜ ሲፈካ ባየው ይበቃኛል።» ልጃቸው የሚወስዳቸው ከመስቀል በኋላ ነበር። እኔ ዘልዬ «የመጀመሪያውን እኔ አመጣልዎታለሁ!» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምን እንቅልፍ አለ!

ጠዋት ሳልታጠብ እሮጣለሁ፤ የለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ጥዬ እሮጣለሁ፤ የለም። እንቁጣጣሽ መጣ፣ ቸርች ውስጥ ከሱቅ የተገዛ አበባ ይዘን ዘመርን፣ ተመለስኩ፤ የለም! ሰፈሩ ሁሉ በወይን ጠጅ ሲያብረቀርቅ የእኛው ጎመን መስሎ አረንጓዴውን ቁጭ ብሏል። እማማ ሎይስ መደገፊያ ዎከራቸውን እየገፉ መጡና ጠጋ ብለው ጫፎቹን አዩ።

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ፒንች ያደረግሽው?»

«ባለፈው እሑድ» አለች እናቴ፣ ምስጋና እየጠበቀች።

እማማ ሎይስ አጥሩን ይዘው ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመና እምቡጥ ያልያዘውን ጫፍ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ፤ እናቴም ያኔ ገባት። «ውይ በሞትኩት! በገዛ እጄ!» አለች። ያን ጊዜ እንደደነገጠችው ስትደነግጥ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ነው። ጥቃቅን እምቡጦች ወጡ፣ እንደ ጤፍ ያነሱ። ብርዱ ቀደመ። እናቴ ማታ ማታ ጋቢዋን እያወጣች ቁጥቋጦውን ታለብሰዋለች፤ እማማ ሎይስ «እሱ ብርድ ይወዳል፣ አንቺ ልበሽው» ቢሏትም አልሰማችም። እኔ እምቡጦቹ ላይ በአፌ ትንፋሽ እተነፍስ ነበር። አንዱን በጥፍሬ ልከፍት ስል እናቴ እጄን መታ አደረገችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ያንኑ እጄን ያዘችና አብራኝ ትተነፍስ ጀመር።

አልደረሰም። የልጃቸው መኪና በር ላይ ቆሞ ሻንጣው ሲጫን እምቡጡ ገና እንደተጨበጠ ነበር፤ ጫፉ ላይ ብቻ ቀጭን የወይን ጠጅ መስመር ይታያል። ሮጬ ሄጄ አየሁ፣ ተመልሼ ሮጥኩ፣ እንደገና ሄጄ አየሁ፤ አንድ ደቂቃ ብቻ እንዲጠብቁልኝ ያልለመንኩት አልነበረም። እናቴ ያበጠውን ቅርንጫፍ ቆረጠች፣ በእርጥብ ናፕኪን ጠቅልላ እጃቸው ላይ አስቀመጠችና «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ አለች። ልጃቸው ግራ ገብቶት ያየናል። እሳቸው ትከሻዋን ይዘው አነሷትና «ሲፈካ እናንተ እዩልኝ» አሉ። መኪናው ሄደ።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ፈካ። በአንድ ጠዋት፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቅጠሉ እስኪጠፋ ድረስ! የሰፈሩ አበባ ሁሉ ረግፎ ስለነበር ያለው ንብ በሙሉ እኛ ጋ መጣ። እናቴ ፊቱ ቆማ «አሁን ለማን ነው?» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ደወለችላቸው። እማማ ሎይስ ቅርንጫፏ መንገድ ላይ እንደጠወለገች ነገሯትና «ቀለሙ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያሳደጉትን አበባ! እናቴ እንግሊዝኛው አልመጣላትም፤ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። አበባውን አየሁት። ጠርዙ፣ መሃሉ፣ ፀሐይ ያረፈበት ጎን ይለያያል። ከአፌ የወጣው ግን «ፐርፕል» ብቻ ነው። «እሺ የእኔ ቆንጆ» አሉኝ። ሌላ ቃል ስፈልግ ስልኩ ተዘጋ።

አሁን ሪችፊልድ ውስጥ የራሴ ጓሮ አለኝ፤ አስተርም አለኝ። ባለቤቴ «እንደ ሰው ፒንች አድርጊው እንጂ፣ መንገዱን ዘጋብን» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ተመዞ፣ ተንጋዶ፣ የመኪናው መግቢያ ላይ ይተኛል። አልነካውም። ያልተቀነጠሰ አስተር መልክ የለውም፣ ግን ይቀድማል፤ መስከረም ሳይጠባ አንዷ ትከፈታለች። እሷን ቆርጬ፣ ከሥራ ቀርቼም ቢሆን፣ እናቴ የምትኖርበት ኢገን ድረስ ድራይቭ አደርጋለሁ። ጡረታ ወጥታለች፣ ጉልበቷም አስቸግሯታል። በሩን ስትከፍት ትስቃለች። «ለአንዲት ፍሬ ነው እዚህ ድረስ? እስኪበዛ ብትጠብቂ ምናለበት?»

«ሲበዛ ሌላ አመጣለሁ፣ እማዬ» እላታለሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ። «አሁን ይቺን እያት።»