ጋሽ አንድ ጥያቄ

የሰፈሩ ባዛር ኮሚቴ አባላት አብረዋቸው የሚሰበሰቡትን አንድ አዛውንት፣ እሳቸው በሌሉበት፣ «ጋሽ አንድ ጥያቄ» ይሏቸዋል። ሰብሳቢዋ ቦርሳዋን አንግታ «እንግዲህ እዚህ ላይ እናብቃ» ስትል ከጥግ ወንበር አንዲት እጅ ቀስ ብላ ትወጣለች።

«ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ነበረችኝ።»

ባለፈው ድንኳኑን ንፋስ ቢገለብጠውስ ብለው ሁሉንም አስመሹ። ከዚያ በፊት ደግሞ የድምፅ ማጉያው በሰፈሩ ክሊኒክ ያሉትን በሽተኞች አይረብሽም ወይ ነበር ጥያቄያቸው። ከሥራ በኋላ በነጻ ሊያገለግል የመጣ ሰው ሁሉ ሆዱ እየጮኸ ጥርሱን ነክሶ ይሰማቸዋል።

ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። አንዱ ቁልፍ ብቻ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ መርፌ ያልለመደ እጅ እንደሰፋው ያስታውቃል። ሰው ሲበተን እሳቸው ወንበር ይደራርባሉ። አንድ ቀን ሰብሳቢዋ በመኪናዬ ላድርስዎት ብትላቸው፣ «ተይው ልጄ፣ ቤቱ እንደሆነ የትም አይሄድ» አሏት።

ባዛሩም ድንኳኑ ሳይገለበጥ በሰላም አለፈ። በመጨረሻው ስብሰባ ሰብሳቢዋ ሁሉንም አመስግና፣ ኮሚቴው እስከ ከርሞ እንደማይገናኝ ተናገረች። ያቺ እጅ ወጣች። «ኧረ በፈጣሪ!» አለ ከሰብሳቢዋ አጠገብ የተቀመጠው ገንዘብ ያዥ፣ በለሆሳስ።

«ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ነበረችኝ» አሉ፣ ተነሥተው ኮታቸውን እየቆለፉ። «እስከ ከርሞ ሲባል… በመሃል ምንም የለም ማለት ነው?»

የሰብሳቢዋ ዐይን ቀዩ ክር ላይ አረፈ።

«አለ እንጂ ጋሼ! ማክሰኞ እንገናኛለን፤ እንዳይቀሩብን።»

ገንዘብ ያዡ «የምን ማክሰኞ?» ሊል አፉን ሲከፍት፣ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።