ሮዙ ቢጫ ሲሆን

ጎረቤታችንን ሁሉም ድምቢጥ ይላታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ትንሽዬ ናት። ሥራዋን በቅጡ ማስረዳት መቻሌን እንጃ። ከሰው ደም ተወስዶ፣ ገና ምን እንደሚሆን ወዳልወሰነበት ዘመኑ የተመለሰ ሴል አለ፤ ስቴም ሴል ይሉታል። እሷ የእድገት ፕሮቲን የተቀላቀለበት ሮዝ ፈሳሽ እየመገበች፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በትንሽ የመስታወት ሳህን ላይ ጉበት እንዲሆን ታደርገዋለች። ጉበት ስል የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነገር ናት። ሴሎቹ ሲበሉ ሮዙ ቢጫ ይሆናል፤ ያኔ ፈሳሹ ይቀየራል።

ደሙ የታናሽ ወንድሟ ነው። ጉበቱን ታሞ በተኛበት፣ «ውሰጂው፤ ከእኔ የተሻለ ጉበት ከወጣው ንገሪኝ» ብሎ እየሳቀ ሰጣት። ዓይኖቹ ቢጫ እንደሆኑ ሞተ። ሳህኑ ላይ ያለው ግን ማደጉን አልተወም።

ነገሩን ያመጣችው ራሷ ናት። እናቷን የምታጽናና መስሏት አንድ ማታ፣ «እማዬ፣ አብልቼው መጣሁ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ በሩ ሲከፈት እናትየው ሌላ ጥያቄ የላቸውም።

«በላ?»

«በላ፣ እማዬ።»

አንድ ቀን ሳህኖቹ ሻገቱ። አለቃዋ በማይክሮስኮፑ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«በይ በረኪና ድፊባቸው። በሌላ ሰው ደም እንጀምራለን።»

«ማቀዝቀዣው ውስጥ በረዶ የሆነ የእሱ ሴል ያለባት አንዲት ብልቃጥ ቀርታለች።»

«ተይው፣ እህቴ። አንቺንም ይጎዳሻል።»

በገዛ እጇ ደፋችባቸው።

ማታ እናትየው በሩ ሥር ተቀምጠው ጠበቋት።

«በላ?»

«በላ» አለች፣ ጫማዋን ለማውለቅ እንዳጎነበሰች።

እናትየው ወደ ጓሮው ዞረው አዩ። «ታዲያ ቀን በጓሮ በር መጥቶ ራበኝ ያለኝ ማነው?»

«ቀን መቼ?»

«ምሳ ሰዓት ላይ ነዋ።»

ድምቢጥ ሰዓቱን በልቧ ቆጠረች። በረኪናውን የደፋችው ምሳ ሰዓት ላይ ነበር።

በማግስቱ ማንም ሳይገባ ብልቃጧን አውጥታ አቀለጠቻት። አለቃዋ አዲሱን ሳህን ሲያይ፣ «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አላት።

«የቤታችን።»

ፊቷን አየና መልሶ ሳህኑን ዘጋው።

ሴሎቹ ለመንቃት ቆዩ። በእነዚያ ቀናት እናትየው ምንም አልጠየቋትም፤ የጓሮውን በር ብቻ ሳይቀረቅሩ ያድሩ ነበር። ሮዙ ቢጫ የሆነ ዕለት ድምቢጥ እየሮጠች ገባች።

«እማዬ፣ በላ!»

እናትየው የጓሮውን በር እየቀረቀሩ ነበር።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ዛሬ አልመጣም።»